የዘጠነኛው ዙር ሰው፦ የማሪያኖ ሪቬራ የሥራ ዘመን

ቤዝቦል ውስጥ በመጨረሻው ዙር የሚገባ ዘጊ ወርዋሪ እሆናለሁ ብሎ የሚነሳ ልጅ የለም ማለት ይቻላል። የሁሉም ምኞት ከፋች መሆን ነው። ከፋች ወርዋሪ ጨዋታውን ከመጀመሪያው ዙር ተረክቦ አምስት፣ ስድስት፣ ሲቀናውም ዘጠኙንም ዙር ይወረውራል፤ ስምና ደመወዝ የሚከተለውም እሱን ነው። ወደ ተቀያሪነት የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ በከፋችነት ተሞክሮ ያልሆነለት ሰው ነው። ፓናማዊው ማሪያኖ ሪቬራም ከዚህ የተለየ ታሪክ የለውም። በ1995 ለኒው ዮርክ ያንኪስ 10 ጨዋታ ከፈተ፤ በዚያ ዓመት ለእያንዳንዱ ዘጠኝ ዙር በአማካይ 5.51 ነጥብ ተቆጠረበት። ይህ ከሥራ የሚያስወጣ ውጤት ነው። ከዚያ ወዲህ ጡረታ እስከወጣበት እስከ 2013 ድረስ አንድም ጨዋታ አልከፈተም። በጥር 2019 የቤዝቦል የዝና አዳራሽ ድምፅ ሲቆጠር ግን ከ425 መራጮች 425ቱም የእሱን ስም መርጠው ተገኙ። ቤብ ሩት፣ ዊሊ ሜይስ እና ሃንክ አሮን እንኳ ይህን አላገኙም። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከፋችነት ያቃተው ሰው እንዴት እዚህ ደረሰ? ብዙዎች መልሱን በአንዲት ተአምረኛ ኳስ ያጠቃልሉታል። ኳሷ እውነት ናት፤ ወደ እሷም እመለሳለሁ። እኔን የሚያሳምነኝ ምክንያት ግን ሥራው እየጠበበ መሄዱ ነው። ከዘጠኝ ዙር ወደ አንድ ዙር፣ ከብዙ ዓይነት ኳስ ወደ አንድ ዓይነት ኳስ ወረደ፤ የቀረው ጥቂት ነገር ደግሞ ማታ አበላሽቶ በማግሥቱ ያለ ለውጥ ሊደግመው የሚችለው ነገር ሆነ።

ጨዋታውን ለማያዘወትር አንባቢ ጥቂት ልበል። ወርዋሪው ኳሷን ከ18.44 ሜትር ርቀት ይወረውራል፤ መቺው በዱላ ሊመታት ይሞክራል፤ ቤዝ የሚባሉትን ሦስት ማረፊያዎች ዞሮ ወደ መነሻው የተመለሰ ሰው ለቡድኑ ነጥብ ያስገኛል። የመቺው ቡድን ሦስት ሰው ሲወጣበት የማጥቃት ተራው ያልቃል፤ እያንዳንዱ ቡድን ዘጠኝ እንዲህ ያለ ተራ አለው። ዘጊ የሚባለው ቡድኑ በጠባብ ልዩነት እየመራ በመጨረሻው ዙር የሚገባው ወርዋሪ ነው። ልዩነቱ ከሦስት ነጥብ ሳይበልጥ ገብቶ ሙሉ ዙር ወርውሮ ድሉን ካስጠበቀ አንድ «ሴቭ» ይመዘገብለታል። ካበላሸ ደግሞ የሌሎቹ የሦስት ሰዓት ልፋት ውሃ በላው ማለት ነው። መደበቂያ የለውም፤ ጥፋቱን የሚያካክስበት ተጨማሪ ዙርም አይሰጠውም።

ሪቬራ የተወለደው በኅዳር 1969 በፓናማ ሲቲ ሲሆን ያደገው ፖርቶ ካይሚቶ በተባለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። ልጆቹ ጓንታቸውን ከወተት ካርቶን፣ ዱላቸውን ከዛፍ ቅርንጫፍ፣ ኳሳቸውን ከአሮጌ የዓሣ መረብና ከኤሌክትሪክ ፕላስተር ይሠሩ ነበር። አባቱ የሰርዲን ማጥመጃ ጀልባ ካፒቴን ነበሩ፤ ልጁም ትምህርቱን ካቆመ በኋላ ከአባቱ ጋር ባሕር ላይ ይሠራ ጀመር። ጀልባዋ ሰጥማ ከሞት ለጥቂት ከተረፉ በኋላ ይህ እንጀራ እንደማይሆነው ገባው። በአካባቢው ቡድን ውስጥ ቦታው ሾርትስቶፕ፣ ማለትም በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚቆም ተከላካይ፣ ነበር፤ የያንኪስ መልማይ በዚያ ቦታ አይቶት አልፎታል። አንድ ቀን ግን የቡድኑ ወርዋሪ ኳሶቹ ክፉኛ ሲመቱበት ሪቬራ እኔ ልሞክር ብሎ ገባና ጥሩ ወረወረ። የቡድን ጓደኞቹ ወሬውን ለመልማዮች አደረሱ። በየካቲት 1990 ያንኪስ ከ3,000 ዶላር በማይበልጥ ገንዘብ አስፈረመው። የ20 ዓመት ወጣት ነው፤ እንግሊዝኛ አይችልም፤ ከአገሩ ወጥቶም አያውቅም።

በመጀመሪያው ዓመት በፍሎሪዳ ጀማሪዎች ሊግ 52 ዙር ወርውሮ አማካዩ 0.17 ሆነ። ይህን ያህል ቢያሳይም ማንም የነገ ኮከብ ብሎ አልያዘውም። ኳሱ ፈጣን አልነበረችም፤ ሰውነቱም ቀጭን ነበር። በ1992 ክርኑ በቀዶ ሕክምና ተከፈተ። በዚያው ዓመት ኅዳር ሁለት አዳዲስ ቡድኖች፣ ፍሎሪዳ ማርሊንስ እና ኮሎራዶ ሮኪስ፣ ከነባሮቹ ተጫዋች እንዲመርጡ ሲፈቀድ ያንኪስ እንዳይወሰዱ ከጠበቃቸው ስሞች መካከል የሪቬራ ስም አልነበረም። ሁለቱም ሳይወስዱት ቀሩ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሁለት አጋጣሚዎች ደግሞ የባሱ ናቸው። በግንቦት 1995 በካሊፎርኒያ ኤንጀልስ ላይ የመጀመሪያ ጨዋታውን ከፍቶ አራት ዙር ሳይሞላ አምስት ነጥብ ተቆጠረበት፤ ቡድኑም 10 ለ 0 ተሸነፈ። በሰኔ ወደ ኮሎምበስ፣ ወደ ታችኛው ቡድን፣ ተመለሰ። በዚያው ሰሞን ዋና ሥራ አስኪያጁ ጂን ማይክል ዴቪድ ዌልስን ከዲትሮይት ለማምጣት ድርድር ላይ ነበሩ፤ ሪቬራም ለልውውጥ ከታሰቡት አንዱ ነበር። ሪቬራ ትከሻውን ስላመመው ጥቂት አረፈ። ሲመለስ በሰዓት 142 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወረወር የነበረው ኳሱ 153 ደርሶ ተገኘ። ማይክል የኮሎምበስን ዘገባ ሲያዩ የፍጥነት መለኪያው ተበላሽቷል ብለው ጠረጠሩና የሌላ ቡድን መልማይ ጠይቀው አረጋገጡ። ልውውጡም ቀረ። ሪቬራ ራሱ ይህን ፍጥነት የእግዚአብሔር ስጦታ ነው ይላል፤ ሌላ ማብራሪያ ሰጥቶም አያውቅም። ሐምሌ 4 ቀን ወደ ላይኛው ቡድን ተመልሶ በቺካጎ ዋይት ሶክስ ላይ ስምንት ዙር ያለ ነጥብ ወረወረ፤ 11 መቺዎችንም በራሱ ውርወራ ብቻ አስወጣ።

ይህም ሆኖ በ1996 የጸደይ ልምምድ ወቅት ስሙ እንደገና በልውውጥ ጠረጴዛ ላይ ወጣ። ወጣቱ ዴሬክ ጂተር ለሾርትስቶፕነት አልደረሰም የሚል ሥጋት ነበር። ሲያትል ማሪነርስ ፊሊክስ ፈርሚንን ሰጥቶ ሪቬራን ለመውሰድ ፈለገ። ክለቡ ውስጥ ክርክር ተደርጎበት ሳይፈጸም ቀረ። ፈርሚን በዚያው ዓመት ከከፍተኛው ሊግ፣ ከሜጀር ሊግ፣ ወጣ። እዚህ ላይ ክለቡን አርቆ አሳቢ ብሎ ማመስገን ለእኔ ይከብደኛል። ሦስት ጊዜ ሊያጣው ደርሶ ሦስቱንም ጊዜ ያተረፈው ብልሃት ብቻ አልነበረም፤ የሌሎች አለመምረጥም፣ የአጋጣሚ ሰዓትም አለበት።

1996 ሥራው መጥበብ የጀመረበት ዓመት ነው። ዘጊው ጆን ዌተላንድ ነበር፤ አሠልጣኙ ጆ ቶሪ ሪቬራን ከእሱ በፊት፣ በሰባተኛውና በስምንተኛው ዙር ያስገቡት ጀመር። በዚያ ዓመት ያንኪስ ስድስተኛው ዙር ሲያልቅ እየመራ ከነበረባቸው 73 ጨዋታዎች 70ውን አሸነፈ። ተጋጣሚ ቡድን ጨዋታው በስድስት ዙር እንዳለቀ ይቆጥረው ነበር። ሪቬራ ከ107 ዙር በላይ ወርውሮ አማካዩ 2.09 ሆነ፤ በዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ ምርጫም ሦስተኛ ወጣ። ለተቀያሪ፣ ዘጊም ላልሆነ ተቀያሪ፣ ይህ ከዚያ በፊት ብዙም የማይታሰብ ነበር። ያንኪስ የሜጀር ሊግ የፍጻሜ ውድድር የሆነውን ወርልድ ሲሪስ ከ1978 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አነሳ።

ዌተላንድ ሄደ፤ ሪቬራ በ1997 ዘጊ ሆነ። ከመጀመሪያዎቹ ስድስት የሴቭ ዕድሎች ሦስቱን አበላሸ። በ27 ዓመቱ የተሰጠውን ትልቅ ሥራ ገና በሚያዝያ ሊነጠቅ የተቃረበ መሰለው፤ የዌተላንድን ቦታ ለመሙላት ከአቅሙ በላይ ይጥር ነበር። ቶሪና የወርዋሪዎች አሠልጣኙ ሜል ስቶትልማየር ጠርተውት እዚህ እስካለህ ድረስ ዘጊያችን አንተ ነህ አሉት። ሪቬራ ከዚያ ንግግር በኋላ ሸክም እንደወረደለት ደጋግሞ ተናግሯል። የጉዳዩ መታጠፊያ የቱ ነው ብባል ከኳሷ ይልቅ ይህን ንግግር አስቀድማለሁ።

ኳሷ የመጣችው ከዚያ ወዲያ በሰኔ ነው፤ ዲትሮይት ላይ ከጨዋታ በፊት። ሪቬራ ከባልደረባው ራሚሮ ሜንዶዛ ጋር ሲቀባበል፣ ሁልጊዜ እንደሚይዛት ይዞ ቀጥ አድርጎ የወረወራት ኳስ ተቀባዩ ዘንድ ልትደርስ ስትል ወደ ጎን ሸሸች። ሜንዶዛ አትጫወትብኝ አለው። ሪቬራ ሆነ ብሎ ያደረገው ነገር አልነበረም። ከስቶትልማየር ጋር ኳሷን ለማቃናት ለሳምንታት ታገሉ፤ አልቃና አለች፤ በመጨረሻ ተዉአት። ካተር የምትባለውና የሥራ ዘመኑን የተሸከመችው ኳስ ይህች ናት። ሪቬራ ይህንንም ከላይ የተሰጠኝ ነው ይላል።

ኃይሏ ምን ላይ ነው? ከእጁ ስትወጣ ከተራ ፈጣን ኳስ አትለይም። የእጁ እንቅስቃሴ፣ የምትለቀቅበት ነጥብ፣ መሽከርከሯ ያው ነው። ከመወርወሪያው ጉብታ እስከ መቺው የምትፈጀው ጊዜ ከግማሽ ሴኮንድ ያንሳል፤ መቺው የሚወስነው ገና ግማሽ መንገድ ላይ ሳለች ነው። እሷ የምትታጠፈው እሱ ከወሰነ በኋላ ነው። በግራ የሚመታ ሰው የዱላው ወፍራም ክፍል ያገኛታል ብሎ ሲያነጣጥር ወደ እጁ ገብታ ቀጭኑን እጀታ ታገኘዋለች። ዱላው ይሰበራል፤ ኳሷም ዝላ ተንከባልላ ተከላካዩ እጅ ትገባለች። በ1999ኙ ወርልድ ሲሪስ የአትላንታው ራያን ክሌስኮ በአንድ ተራ ብቻ ሦስት ዱላ ተሰብሮበታል፤ የራሱ የቡድን ጓደኞች እንኳ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ታይተዋል። ሪቬራ ሊሰናበት ሲል በ2013 የሚኒሶታ ትዊንስ ቡድን ከተሰባበሩ ዱላዎች የተሠራ ተወዛዋዥ ወንበር ሸለመው። ከተቀበላቸው የስንብት ስጦታዎች ሁሉ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ያሰበው ይህ ይመስለኛል።

መቺዎቹ የምትመጣውን ኳስ ያውቃሉ። ምሥጢር አልነበራትም፤ ግን አይመቷትም። ለዚህም ነው ጥበቷ ጥቅም ነበር የምለው። አምስት ዓይነት ኳስ ያለው ወርዋሪ ሲሸነፍ አምስት ጥያቄ ይዞ ያድራል፤ የቱን ልወርውር ኖሯል እያለ። ሪቬራ የሚጠይቀው አንድ ብቻ ነው፦ በትክክል ወረወርኳት ወይስ አልወረወርኳትም?

በ1997 የጥሎ ማለፍ ውድድር ያንኪስ ክሊቭላንድን ሊጥል ጥቂት ሲቀረው ሳንዲ አሎማር ታናሹ በስምንተኛው ዙር ሆምራን (አጥር ተሻግሮ ወዲያው ነጥብ የሚያስገኝ ምት) መታበትና ውጤቱ እኩል ሆነ፤ ያንኪስም ከውድድሩ ወጣ። እንዲህ ያለ ምት የሰበራቸው ዘጊዎች በቤዝቦል ታሪክ አሉ። ሪቬራ በተከታዮቹ ሁለት ዓመታት የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች አንድም ነጥብ አልተቆጠረበትም። ያንኪስ በ1998፣ በ1999 እና በ2000 ተከታትሎ ዋንጫ ወሰደ፤ የ1999ኙ ወርልድ ሲሪስ ኮከብም እሱ ሆነ።

ከሁሉ በላይ የማተኩርበት ሌሊት ግን ኅዳር 4 ቀን 2001 ነው፤ ፊኒክስ፣ የወርልድ ሲሪሱ ሰባተኛውና የመጨረሻው ጨዋታ። ኒው ዮርክ ከመስከረም 11 ጥቃት ገና አላገገመችም፤ ያንኪስም በሜዳው ሁለት ሌሊት በተከታታይ በመጨረሻው ዙር ከሽንፈት ተነስቶ አሸንፎ ነበር። አሁን ያንኪስ አሪዞና ዳይመንድባክስን 2 ለ 1 እየመራ ነው። ሪቬራ ከዚያ በፊት በጥሎ ማለፍ 23 ተከታታይ ሴቭ አለው። በስምንተኛው ዙር ገብቶ ሦስት ሰው በራሱ ውርወራ አስወጣ። ዘጠነኛው ዙር ተጀመረ።

ማርክ ግሬስ መትቶ መጀመሪያው ቤዝ ደረሰ። ዴሚያን ሚለር ኳሷን በዱላው ነካ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጣት። ሪቬራ አንስቶ ወደ ሁለተኛው ቤዝ ሲወረውር ስቶ ወደ መሃል ሜዳ ላካት። ቀጣዩም እንዲሁ ነካ አደረጋት፤ ሪቬራ ይህን ጊዜ ወደ ሦስተኛው ቤዝ ወርውሮ አንድ ሰው አስወጣ። ቶኒ ዎማክ በቀኙ መስመር ላይ መታና ውጤቱ 2 ለ 2 ሆነ። ክሬግ ካውንስል በኳስ ተመትቶ በነጻ ገባ፤ ሦስቱም ቤዞች ሞሉ። ሉዊስ ጎንዛሌዝ ቀረበ። በሦስተኛው ቤዝ ያለው ሯጭ እንዳይገባ ለመከላከል የውስጥ ሜዳ ተጫዋቾች ሁሉ ወደ ፊት ተጠጉ። ሪቬራ ካተሯን ወረወረ፤ በትክክል ወረወራት። ወደ ጎንዛሌዝ እጅ ገባች፣ እጀታውን አገኘች፣ ደካማ ምት ሆነች። ኳሷ በጂተር አናት ላይ ተንሳፍፋ ጂተር በወትሮው ቦታው ቢሆን ኖሮ ሊይዛት በሚችልበት ቦታ አካባቢ ወደቀች። አሪዞና ዋንጫውን ወሰደ።

በዚህ ዙር የሪቬራ ጥፋት አለ፤ ወደ ሁለተኛው ቤዝ የወረወራት ኳስ የእሱ ጥፋት ናት። የመጨረሻዋ ኳስ ግን ልክ እንደታሰበችው የሠራች ኳስ ነበረች። ሁለቱን ለይቶ ማየት የቻለ ሰው ነው በማግሥቱ ዓመት ያለ ፍርሃት የሚመለሰው። በዚያው ኅዳር ከኒው ዮርክ ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ የሚበር አውሮፕላን ወድቆ የተሳፈሩት በሙሉ አለቁ። የቡድን ጓደኛው ኤንሪኬ ዊልሰን በዚያ በረራ ሊሄድ ነበር፤ ቡድኑ ተሸንፎ የድል ሰልፉ ስለቀረ ግን ቀድሞ ሄዷል። ሪቬራ ከዚያ በኋላ ጓደኛዬ ስለተረፈ በመሸነፋችን ደስ ይለኛል ሲል ተናገረ። ሰውየው ሥራውን ከሕይወት በታች የት እንዳስቀመጠው ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላገኘሁም።

በ2004 የጥሎ ማለፍ ውድድር ቦስተን ሬድ ሶክስ በጨዋታ ብዛት 3 ለ 0 ሲመራ ከቆየው ያንኪስ ተከታታይ አራት ጨዋታ አሸንፎ ሲያልፍ፣ መነሻው በአራተኛው ጨዋታ ሪቬራ ላይ የተገኘችው አንዲት ነጥብ ነበረች፦ በነጻ የገባ ሰው፣ በዴቭ ሮበርትስ የተሰረቀ (ኳሷ ሳትመታ ሮጦ የደረሰበት) ቤዝ፣ የቢል ሙለር ምት። በሚያዝያ 2005 ቦስተን ሜዳ ላይ ስሙ ሲጠራ ሕዝቡ በነቂስ አጨበጨበለት፤ ለማሾፍ። እሱ ሳቀና ቆቡን አነሳላቸው። ያን ዓመት በ43 ሴቭና በ1.38 አማካይ ጨረሰ። በ2009 አምስተኛ ዋንጫውን አነሳ፤ በመስከረም 2011 በ602ኛ ሴቩ ትሬቨር ሆፍማንን አልፎ የምንጊዜም ቀዳሚ ሆነ። በግንቦት 2012 ካንሳስ ሲቲ ላይ ከጨዋታ በፊት እንደ ልማዱ ሜዳ ዳር ኳስ ሲያሳድድ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። 42 ዓመቱ ነበር። ሁሉም አበቃለት ሲል እሱ ግን በዚህ ሁኔታ አልወጣም ብሎ ተመለሰና በ2013 44 ሴቭ አስመዝግቦ ተሰናበተ። ማሊያው ቁጥር 42 ነበር፤ ለጃኪ ሮቢንሰን ክብር በ1997 ከሁሉም ቡድኖች የተነሳው ቁጥር ነው፤ ቀድመው የለበሱት ብቻ እንዲቀጥሉ ሲፈቀድ የመጨረሻው ለባሽ ሪቬራ ሆነ።

በዚህ ሰው ላይ የሚነሳው ትልቁ ተቃውሞ ከባድ ነው። በ19 የውድድር ዘመን የወረወረው 1,283 ዙር ብቻ ነው፤ ጠንካራ ከፋች ይህን በስድስት ወይም በሰባት ዓመት ይጨርሰዋል። ዘጠነኛውን ዙር እየመራ የጀመረ ቡድን ደግሞ ዘጊው ማንም ይሁን ማን ከመቶው 95 ያህሉን ያሸንፋል። ስለዚህ 652 ሴቭ ብቻውን አንድን ሰው ከሃንክ አሮን በላይ ድምፅ አያሰጠውም፤ በዚህ እስማማለሁ። እኔን የሚያሳምነኝ የጥሎ ማለፍ መዝገቡ ነው። በ96 ጨዋታ 141 ዙር፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ ዙር በላይ፣ በየዓመቱ በምርጦቹ ቡድኖች ላይ ወርውሮ አማካዩ 0.70 ነው። በእሱ ስም የተመዘገቡበት ነጥቦች 11 ናቸው፤ ጨረቃን የረገጡ ሰዎች እንኳ 12 ናቸው። በእነዚያ ሁሉ ዙሮች የተመታበት ሆምራን ሁለት ብቻ ነው። ይህ በቁጥር ጨዋታ የሚገኝ አይደለም።

ኳሷንም ለብቻው አልያዛትም። በ2008 የከዋክብት ጨዋታ ላይ ለተቀናቃኙ ወርዋሪ ሮይ ሃላዴይ አያያዟን አሳየው፤ ሃላዴይም ጣቶቹ የሚያርፉበትን ቦታ ኳስ ላይ በቀለም አስምሮ ያዘ። የያንኪስ ባልደረቦቹ ለተጋጣሚ ምሥጢር ሰጠህ ብለው በመልበሻ ክፍላቸው ፍርድ ሪቬራን ቀጡት። ሃላዴይ በ2017 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ በሐምሌ 2019 ኩፐርስታውን ላይ ሁለቱም በአንድ ቀን ወደ ዝና አዳራሹ ገቡ።

652ቱ ይሰበራል ብዬ አልጠብቅም። ኬንሊ ጃንሰን እና ክሬግ ኪምብረል 400ን አልፈዋል፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን ገና ረጅም መንገድ ነው። እዚያ ለመድረስ በዓመት 40 ሴቭ ለ16 ዓመት ከዚያም በላይ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ዛሬ ቡድኖች የመጨረሻውን ዙር እንደ መቺው ሁኔታ ለሁለትና ለሦስት ሰው ያከፋፍላሉ፤ የደከመውንም ቶሎ ይቀይሩታል። ይህ በሒሳብ ስህተት አይደለም። ነገር ግን አንድ የ27 ዓመት ዘጊ በሚያዝያ ወር ከስድስት ሦስቱን ቢያበላሽ፣ ጆ ቶሪ ለሪቬራ የሰጡትን ዓይነት ቃል የሚሰጠው አሠልጣኝ መኖሩን እጠራጠራለሁ።